የሾላ ውሃ ሲሚንቶ

ጋሸና ላይ መኪና መጠበቅ ማለት ዕድሜን መገንጠያው ላይ አስቀምጦ መሄድ ነው። ከኮን እየተመለስኩ ነበር። የሥራ ማስታወቂያ ወጥቷል ሲሉኝ ዲግሪዬን ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ሄድኩ፣ ተመዘገብኩ፣ "እንደውልልሻለን" ተባልኩ። ከተመረቅኩ ወዲህ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ። ከአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ የከባድ መኪኖችን አቧራ እየዋጥኩ ሳለ ከወልድያ የመጣ ሚኒባስ አንድ ሽማግሌ አወረደ። አንድ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። በዱላቸው መሬቱን እየነኩ መጡና እኔ ካለሁበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እሳቸው አላወቁኝም፤ እኔ ግን ገና ሲወርዱ ነው ያወቅኳቸው። አያ መኮንን ናቸው፤ በልጅነቴ የሰፈራችን የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት።

"እንዴት ዋሉ አያ መኮንን?"

"ማን ነሽ አንች?"

"ዝናሽ ነኝ። የአበጀ ልጅ።"

"የአበጀ ልጅ" አሉና ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ሳቁ፤ ጥርሳቸው ጥቂት ነው የቀረው። "ሲሚንቶዋ።"

በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው ዛሬም ያለ አልመሰለኝም ነበር። ሻይ አዘዝኩላቸው። ስንት ነው ብለው አስተናጋጇን ጠየቋት። ነገረቻቸው። "በዚህማ ዶሮ እንገዛ ነበር፣ ያውም የምትጥል" አሏት። ልጅቷ አልሳቀችም፤ በቀን ስንት ሽማግሌ ይህንኑ ይነግራታል መሰለኝ። ሻዩን ሁለት ጊዜ ፉት አሉና ወደኔ ዞሩ።

"ነገ ወረቀቱን የምታነቢልን አንች ነሽ አሉ።"

"እኔ ነኝ።"

"ምንጫችንም ተጽፏል?"

"ተጽፏል።"

"ምን ተብሎ?"

መልሱን አውቀዋለሁ፤ በገዛ እጄ በወፍራም ማርከር የጻፍኩት ነው። "ነገ ይሰሙታል" አልኳቸው። የተሸፈነውን ዓይናቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉና ሌላ አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላሊበላ ከተማ፣ ገንዘብ ቤት በኮንትራት ከገባሁ አራት ወር ሆኖኛል። ሥራዬ ለየቀበሌው የወጣውን በጀት ገበሬ በሚገባው ቋንቋ በትልቅ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ፣ ስብሰባ ሲጠራም ለሕዝቡ ማንበብ ነው። ሲቀጥሩኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው የገዛ ገንዘቡ የት እንደገባ ይወቅ፣ ይጠይቅ የሚለውን አራት ዓመት ተምሬዋለሁ፤ አምኜበትም ነው የተማርኩት። ሰሌዳው ግን የሚሰቀለው ጥበቃ በቆመበት ግቢ ውስጥ ነው፤ ጥበቃው ደግሞ ገበሬ ሲመጣ "ጉዳይህ ምንድን ነው?" ይላል። ወረቀት ላነብ ነው የመጣሁት የሚል ገበሬ እስካሁን አላየሁም። ይሁን፣ እሱን እንኳ ለመድኩት። ያልለመድኩት የሰፈሬን ወረቀት ስጽፍ ያገኘሁትን አንድ መስመር ነው። "የሾላ ውሃ ምንጭ ጥገና፣ ተጠናቋል" ይላል። ሾላ ውሃ ጠጥቼ ያደግኩት ውሃ ነው። ከተሰበረ ሁለት ክረምት አልፎታል። ባለፈው ዓመት አንድ መኪና ቧንቧ አምጥቶ አራገፈ፣ ሰዎች መጥተው ፎቶ ተነሡ፣ ቧንቧው እዚያው ሣር በቅሎበታል። እናቴ ዛሬም ወንዝ ወርዳ ነው የምትቀዳው። ይህን ለኃላፊዬ ነገርኩት።

"ዝናሽ፣ ክፍያው ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም?" አለኝ።

"ተፈጽሟል።"

"በቃ። የተከፈለበት ሥራ ተጠናቀቀ ነው የሚባለው። ውሃው ካልወረደ የውሃ ባለሙያዎቹን ጠይቂ።"

"ጠየቅኳቸው። ገንዘብ ቤቱን ጠይቂ አሉኝ።"

"አየሽ" አለ፣ ነገሩ ያለቀ ያህል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ኮንትራትሽ ሁለት ወር ነው የቀረው። ቋሚ ቅጥር ሲመጣ ስምሽን ቀድሜ አነሣልሻለሁ። ደግሞ የሰፈርሽን ራስሽ አንብቢላቸው። ልጃቸው ነሽ፣ ያምኑሻል።" ክፉ ሰው አይደለም። ጠረጴዛው ላይ የልጁ የልብ መድኃኒት ማዘዣ ተጣጥፎ ሁልጊዜ አያለሁ። ክፉ ቢሆን ሥራዬ ይቀለኝ ነበር።

ትዝታ የሽማግሌ ነው፣ አንቺ ገና ሃያ አራት ዓመትሽ ነው ይሉኛል። ላስታ ውስጥ ግን ዘመን ቶሎ ቶሎ ነው የሚሞተው፤ እኔ ያደግኩበት ከተቀበረ ቆይቷል። ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ከተራራው ወደ ላሊበላ ገበያ እንወርድ ነበር። ዳቦ ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ኮንጎ ጫማ ሃያ ብር ነበር፤ ያውም ሲበጠስ በጋለ ቢላ ተጣብቆ ሌላ ዓመት ያገለግላል። እጅጌው የተተረተረ ቀይ ሹራብ ነበረኝ፤ እናቴ ከልባሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ ጎትታ ያወጣችው፤ ደረቱ ላይ ማንበብ የማልችለው የፈረንጅ ጽሑፍ ነበረበት፤ በርሱ ምክንያት ራሴን እንደ ከተማ ልጅ እቆጥር ነበር። ወደ ጊዮርጊስ ከሚወስደው መንገድ ማዕዘን ላይ ስልክ ላይ ዘፈን የሚጭን አንድ ልጅ ሱቅ ነበረው። ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ አንድ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋግማል። ቆመን እንማረውና ዳገቱን እየዘፈንን እንወጣለን፤ አቀበቱ ሲብስ ትንፋሽ ስለሚያጥረን የዘፈኑን መጨረሻ ማናችንም አናውቀውም። አስጎብኚዎቹ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ጠባብ ጂንስ ለብሰው፣ ፈረንጅ አስከትለው ሲያልፉ መንገድ እንለቅላቸዋለን። ባጃጅ ሁለት ብር ነበር፤ ሁለት ብር ግን ለባጃጅ አይወጣም፤ ሁለት ብር ማለት አራት ዳቦ ነው። አሁን በዚያ ማዕዘን ሳልፍ ሱቁ ዝግ ነው። ያ ዓለምን የዘጋው በሽታ መጣ፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ መጣ፣ መንገዱ ይዘጋል ይከፈታል። ከነዚያ አስጎብኚዎች አንዱ እኔን በባጃጅ ቢሮ የሚያደርሰኝ ነው። ዋጋውን ስከራከረው ያፍራል፤ እኔም አፍራለሁ፤ ግን እከራከረዋለሁ።

የሾላ ውሃ ሥራ በዚያ በደጉ ጊዜ መሆኑ ነው። መንግሥት ቧንቧ ሰጠ፣ ሌላው ከሰፈሩ ነበር፤ ገንዘብ ያለው ገንዘብ፣ የሌለው ጉልበት። መኪና መንገድ ስለሌለ ሲሚንቶው ከከተማ በአህያ ወጣ፤ ለአንድ አህያ አንድ ከረጢት። እኛ ልጆች ከወንዝ አሸዋ በጣሳ ተሸከምን። ሲሚንቶው እንዳይረጥብ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት ተፈለገ፤ ያኔ ቆርቆሮ ያለው ቤት የኛና የሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ስለዚህ አባቴ ዕቃ ጠባቂ ሆነ። መኝታ ቤታችን ግማሹ ሲሚንቶ ሆነ። ሌሊት ስተነፍስ አፌ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

የሰፈራችን ደንብ ልንገራችሁ፣ የትም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትምና። የሕዝብ ገንዘብ ያወጣ ሰው ሰንበቴ ከተበላ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ወይራው ሥር ይቆማል። ጋቢውን ወገቡ ላይ አደግድጎ ነው የሚቆመው፤ እንደ ሎሌ፣ እንደ አሳላፊ። ካህንም ቢሆን፣ ባለ ጸጋም ቢሆን ያው ነው። ሕዝቡ ይቀመጣል፣ እሱ ይቆማል። የገባውን ይናገራል፣ የወጣውን ይናገራል፣ ከዚያ ይጠየቃል። ማን ይጠይቃል ቢሉ አሸዋ የተሸከመ ሁሉ ይጠይቃል። ጥያቄው አልቆ ከተቀመጡት መሃል አንድ ሰው "ተቀመጥ" እስኪለው ድረስ አይቀመጥም። ብዙውን ጊዜ ይህን የምትለው እትዬ ማሬ ነበረች። እትዬ ማሬ ፊደል አልቆጠረችም፣ ባል የላትም፣ መሬቷ ጠባብ ነው። ግን ስትጠይቅ ሰውየው እግሩን ይቀያይራል። "ምስማሩ ስንት ነበር? የተረፈው የት ገባ? ቆርቆሮ ላይ ተመትቶ አየሁት፣ የማን ቆርቆሮ ነው?" ትላለች። አንዴ ቄሰ ገበዙን ራሳቸውን ስለ ሁለት ምስማር እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቁማቸዋለች። በመጨረሻ "አባቴ ይቀመጡ፣ እግዜር ይይልዎ" አለቻቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ፣ እየሳቁ እግራቸውን አሹ።

የውሃው ሒሳብ ዕለት የቆሙት አያ መኮንን ነበሩ። ያኔ ሁለት ዓይን ነበራቸው፣ ድምፃቸው ተራራ ይሻገራል። "ሲሚንቶ ሃያ አራት ከረጢት ገባ። ሃያ ሦስቱ ምንጩ ላይ ፈሰሰ። አንዱ ዝናብ ገብቶበት ደርቆ ተጣለ" አሉ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አሸዋ ተሸክሜያለሁ። የምናገረውም የማውቀውን ነው፤ በዚያ ላይ ኮርቻለሁ። ተነሣሁና "አንዱ አልተጣለም፤ የእማማ መቃብር ላይ ነው። አባዬ ነው ያሳመረው" አልኩ።

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ቀጥሎ ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ እናቱ፣ እኔ እማማ የምላት፣ ከሞተች ዓመት አልሞላም ነበር፤ ዝናብ አፈሯን እየሸረሸረው ነው እያለ ክረምቱን ሙሉ ሲንገበገብ ነበር። አንድ ቀን አሸዋ አሸክሞኝ ሄድን፤ ሲሚንቶውን በእጁ መዳፍ አለሰለሰው፤ ላዩ ላይ በጣቱ መስቀል ሠራበት። ለኔ ከተማ ካለው ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነበር። አባቴ ተቀምጦ ከነበረበት ተነሣ። ማንም ተነሣ አላለውም። ጋቢውን ከትከሻው አወረደ፣ ወገቡ ላይ አሰረ፣ ከአያ መኮንን አጠገብ ቆመ።

"ደርቆ ነው ብዬ ለመኮንን የነገርኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው" አለ።

እትዬ ማሬ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደሱ ዞረች። ከዚያ "አበጀ፣ እናትህ ተነሥታ ውሃ ልትቀዳ ነው ወይ?" አለችው።

"አይደለም እትዬ።"

"እንግዲያ ምነው የኛን ሲሚንቶ ሰጠሃት? እሷ ብትኖር ትቀበልህ ነበር?"

ፍርዱ ቀላል ነበር፤ አንድ ከረጢት ገዝቶ ያመጣል፣ ግን በአህያ አይደለም፣ በጀርባው። እስኪያመጣም ሰው በተሰበሰበበት አይቀመጥም። በግ ሸጠ። በሳምንቱ ከከተማ ተሸክሞ ሲወጣ እኔ ውሃ ይዤ ከኋላው ነበርኩ። በየመቶ እርምጃው ከረጢቱን ድንጋይ ላይ ያስደግፋል፣ መሬት አያወርደውም፤ ካወረደው ብቻውን ማንሣት አይችልም። የሚወርድ ሰው ሁሉ "በርታ አበጀ" ይለዋል፤ ማንም አይረዳውም፤ ማንም አይስቅበትም። ምንጩ ጋ ሲያደርስ እትዬ ማሬ እዚያ ነበረች። ትከሻው ላይ ያለውን የሲሚንቶ ዱቄት በነጠላዋ ጫፍ አራገፈችለትና "ተቀመጥ" አለችው። ተቀመጠ። ከዚያች ቀን በኋላ የሰፈሩ ሰው ዕቃ ማስቀመጥ ሲፈልግ ወደ አባቴ ነው የሚያመጣው። እኔን አልገረፈኝም። አንድ ቀን ብቻ ጫማዬን እያጣበቀልኝ "ቤት ውስጥ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?" አለኝ። "ክፉ መሆኑን አላወቅኩም፤ አምሮ ነበር" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ ቢላውን እሳት ውስጥ መልሶ ከተተ።

መቆሙ መቼ እንደቀረ በትክክል የሚነግረኝ የለም። ማንም አልከለከለውም። ኮሚቴው ወደ ጽሕፈት ቤት ይጠቃለል ተባለ፣ ደረሰኝ መጣ፣ ማኅተም መጣ፣ ሒሳቡ ከተማ ይሠራ ጀመር። ደረሰኝ ካለ ሰው ለምን ይቆማል? ቀስ በቀስ ስብሰባው ከወይራው ሥር ወደ አዳራሽ ገባ፤ የሚናገሩት መድረክ ላይ፣ ጨርቅ በለበሰ ወንበር ላይ፣ የታሸገ ውሃ ፊታቸው አድርገው ይቀመጣሉ። ወንበር ያልደረሰው ሕዝብ ከኋላ ይቆማል። ይህን ለመማር ዩኒቨርሲቲ መግባት አላስፈለገኝም ነበር።

የላሊበላው መኪና የመጣው አሥር ሰዓት ገደማ ነው። አያ መኮንንን መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳቸው። መንገዱን ሙሉ ስለ ዓይናቸው አወሩልኝ፤ ሐኪሙ ልጅ ነው፣ እጁ ግን ቀላል ነው፤ ሌላውንም ለማየት ከመስቀል በኋላ ይምጡ ብሏቸዋል። ስለ ምንጩ አላነሡም። ማደሪያዬ ከተማ ቢሆንም ያን ዕለት ወደ ቤተሰቦቼ ወጣሁ።

በነጋታው ጠዋት አባቴ ደጅ ላይ ቀንበር ሲጠግን አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት፤ መስመሩን፣ ኃላፊዬን፣ ሁለት ወር የቀረውን ኮንትራት። ሥራውን ሳያቆም ሰማኝ።

"አንብቢና ውረጅ" አለኝ።

"ውሸት ነው እኮ አባዬ።"

"አውቃለሁ። ውሃው የሚቀዳው በእናትሽ እንስራ ነው፣ እንዴት አላውቅም?" ጠፍሩን በጥርሱ ጎተተ። "አራት ዓመት ተምረሽ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጠሻል። ለመሳፈሪያሽ ስንት በግ ሸጥኩ። አሁን ብትባረሪ ምንጩ ይሠራል?"

"አንተ ቆመህ የለም ወይ?"

"እኔን የሚያቆም ሰው ነበረ" አለ። ጠፍሩን አጥብቆ አሰረና ቀንበሩን ወደ ጥላ ወሰደው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሻይና ዳቦ ይኖራል ተብሏል። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ቆርቆሮው ላይ ጠብታ ጀምሯል። ኃላፊዬ መድረክ ላይ ነው፤ ሁለት ሌሎች ከጎኑ አሉ። አያ መኮንን ከፊት አግዳሚ ላይ ናቸው፣ ጨርቃቸው ከትናንቱ ቆሽሿል። እትዬ ማሬ ከሳቸው ኋላ ናት፤ በጣም አርጅታለች፤ ያቺው ነጠላ ትሁን ሌላ አላውቅም። አባቴ በሩ ጋ ቆሟል። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩና ማንበብ ጀመርኩ። የመምህራን ደመወዝ። የጤና ኬላው አጥር። የመድኃኒት ግዢ። ድምፄ ደህና ነው። በየመስመሩ ቆም እላለሁ፣ ጥያቄ ካለ ብዬ። ጥያቄ የለም። ሾላ ውሃ ላይ ደረስኩ። "የሾላ ውሃ ምንጭ ጥገና፣ ተጠናቋል" ብዬ አነበብኩ። ቀጣዩን መስመር ማንበብ ነበረብኝ።

"ይሄ እውነት አይደለም" አልኩ። "ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ምንጩ አልተሠራም። ቧንቧው ሣር በቅሎበታል። ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ኃላፊዬ እስክሪብቶውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ከጎኑ ያለው ሰውዬ የውሃውን ክዳን መክፈት ጀምሮ ነበር፣ ተወው። ጥያቄ ጠበቅኩ። ማን ወሰደው፣ ማን ፈረመ፣ አንቺስ ለምን ጻፍሽው እንዲሉኝ ጠበቅኩ። ለዚያ ሁሉ ተዘጋጅቻለሁ፤ ኮንትራቴንም በልቤ ቀድጄዋለሁ። አያ መኮንን ደህናውን ዓይናቸውን ወለሉ ላይ አድርገዋል። እትዬ ማሬን አየኋት። እሷም አየችኝ፣ ረዘም አድርጋ፤ አላዘነችብኝም፣ አልተቆጣችኝም። የቆርቆሮው ድምፅ እየበረታ ሄደ።

"እናውቃለን ልጀ" አለችኝ። "ቀጥይ በይ፣ ዝናቡ ሳይዘጋን።"

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው "አዎ፣ ቀጥይ" አሉ፣ ለኔ አስበው ነው። ቀጣዩ መስመር የመንገድ ጠረጋ ነበር። አነበብኩት።